“ጌት” የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ፊት ነው ያላት?

ግራ_ገባኝ

ሰላም ለሁላችሁ።

እንግሊዝኛ አልችልም የምል ሰው አይደለሁም። አነባለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ስብሰባ ላይም እናገራለሁ። ረጅም ቃል ቢመጣብኝ አልደነግጥም። መዝገበ ቃላት እከፍታለሁ፣ ትርጉሙን አያለሁ፣ አልፋለሁ። የምትጥለኝ ባለ ሦስት ፊደሏ ናት። ጌት። (የአውሮፕላን ማረፊያውን ጌት አይደለም፤ ግሷን ነው።)

ስማር የተነገረኝ ቀላል ነበር። “ጌት ማለት ማግኘት ነው።” ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ከሥሩ አሰመርኩበት፣ አለቀ። ሥራ እስክይዝ ድረስ በዚች አንድ መስመር ኖርኩ።

አሁን በኢሜልና በቪዲዮ ጥሪ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ነው የምሠራው። በመጀመሪያው ወር አለቃዬ “ፕሊዝ ጌት ባክ ቱ ሚ ባይ ፍራይደይ” ብሎ ጻፈልኝ። “ባክ” መመለስ ነው፣ “ቱ ሚ” ወደ እኔ ነው ብዬ ገጣጠምኩት። እስከ ዓርብ እሱ ዘንድ መመለስ አለብኝ ማለት ነው። ከየት ነው የምመለሰው? ሰውዬው ያለው ሌላ አህጉር ላይ ነው፤ ዘንዱ ሄጄም አላውቅ። ሁለት ቀን ካሰብኩ በኋላ “የጉዞ ወጪውን ማን ይሸፍናል?” ብዬ ጻፍኩለት። ቀልድ አይደለም፣ ኢሜሉ አሁንም አለ። ለካ የፈለገው መልስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ሌሊት ጨርሼ በቪዲዮ ጥሪ ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት። “ጌት አውት ኦቭ ሂር!” አለኝ። ፈገግ ብሎ እንደነበር አሁን ነው ትዝ የሚለኝ። ያኔ የሰማሁት “ከዚህ ጥፋ” የሚል ነው። “ኦኬ፣ ሶሪ” ብዬ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። መልሶ ደወለ። አላነሳሁም። ከሥራ የተባረርኩ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ተናድጄ ማስታወሻ ያዝኩ። በአምስት ቀን ውስጥ ጆሮዬ የገባው ይሄ ነው። “ኢትስ ጌቲንግ ሌት።” “ዲድ ዩ ጌት ማይ ኢሜል?” “አይ ዶንት ጌት ኢት።” “ሂ ጎት ፋየርድ።” “ሌትስ ጌት ስታርትድ።” “ጌት ሂም ቱ ሳይን ኢት።” “ዊ ጎት ቱ ሚት ዘ ዳይሬክተር።” ከነዚህ ውስጥ “ማግኘት” ብዬ ብተረጉማት የምትሄድልኝ የኢሜሏ ብቻ ናት። የመጨረሻዋን የተናገረችው ልጅማ ዳይሬክተሩን በግድ ያገኘች መስሎኝ “አይዞሽ” አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሁሉንም በቃል ማጥናት ነው ያለብኝ? ወይስ አንድ የሚይዛቸው ነገር አለ? መዝገበ ቃላቱን ወደ ታች ሳንሸራትት ጣቴ ደከመ።

ችኩሉ

ወንድሜ ዝም ብለህ ፊልም እይ። በጆሮ ነው የሚገባው። ሰዋስው ሲበዛ ያደነዝዛል።

“የጉዞ ወጪውን ማን ይሸፍናል” ግን ገደለኝ።

ሁለት_መስመር

ፊልም እይ ለተባለው፣ ፊልም ማየትም ከጌት አያድንም። ማስረጃው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት የፊልም ትርጉም ጽሑፍ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ስክሪኑ ሥር ብቅ ብለው የሚጠፉትን ሁለት መስመሮች። ከጌት ጋር በየቀኑ እንጣላለን።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። የወንጀል ፊልም ነው። መርማሪው ስልክ ያነሳል፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ “ጎት ኢት” ይልና ይዘጋል። እኔ “አገኘሁት” ብዬ ጻፍኩ። ተመልካቹ ገዳዩ ተገኘ ብሎ ተነፈሰ። ፊልሙ ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል። መርማሪው ያለው “ገባኝ” ነው፤ እንዲያውም “እሺ” ብለው ይበቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አወጣሁ። ጌትን አላያትም። ከሷ ቀጥሎ የመጣውን ነው የማየው። ብቻዋን ሆና ምንም አትናገርም፣ የሚያጋልጣት ተከታዩ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዕቃ ወይም እንደ ዕቃ የሚቆጠር ነገር ከሆነ፣ ደብተርህ ላይ ያሰመርክበት ትርጉም ይሠራል። ኢሜል፣ ደሞዝ፣ ስጦታ። አገኘ፣ ተቀበለ፣ ደረሰው። “ጌት ሚ ኤ ቼር” ቢልህ ደግሞ ወንበር አምጣልኝ ነው። ቀጥሎ የመጣው ቦታ ከሆነ መድረስ ነው። “ጌት ሆም” ቤት መድረስ። “ሌትስ ጌት ስታርትድ” ደግሞ እንደ አንድ ቃል ያዛት፤ “እንጀምር” ናት፣ አትበታትናት።

ቀጥሎ የመጣው ቅጽል ከሆነ ለውጥ አለ ማለት ነው። “ጌት ኮልድ”፣ “ጌት አንግሪ”፣ “ጌት ዳርክ”። እዚህ ላይ ጀማሪ ተርጓሚ ሁሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። “ጨለማ ሆነ” ብሎ ይጽፋል። አማርኛ እኮ ለዚህ ረዳት አይፈልግም። ጨለመ፣ በረደ፣ ተናደደ፣ መሸ። አንድ ግስ፣ አለቀ። “ኢትስ ጌቲንግ ሌት” ማለት “እየመሸ ነው” ወይም “እየረፈደ ነው” ነው። የቱ እንደሆነ መስኮቱን አይቶ መወሰን ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ከጌት ቀጥሎ “ፋየርድ”፣ “ብሮክን” ዓይነት ቃል ሲመጣ፣ ጌት የምትሠራው የኛን “ተ”ን ሥራ ነው። ሂ ጎት ፋየርድ፣ ተባረረ። ኢት ጎት ብሮክን፣ ተሰበረ። በ“ዎዝ ፋየርድ” ቢሆንስ? ያም ተባረረ ነው። ግን “ዎዝ” የደብዳቤ ቋንቋ ነው፤ “ጎት” የጓደኛ ወሬ። “ጎት” ሲባል ነገሩ ሰውዬው ላይ የወረደበት ይመስላል፤ እኛ “ተባረረልህ እኮ!” ስንል ያለው ዓይነት ድምፅ አለው።

መሐል ላይ ዕቃ ስታስገባባት ደግሞ ጌት የኛን “አስ”ን ትሆናለች። “አይ ጎት ማይ ፎን ፊክስድ” ማለት ስልኬን አስጠገንኩ ነው። እኔ አልጠገንኩትም፣ ሌላ ሰው ነው የጠገነው፤ እንዲጠገን ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። “ጌት ሂም ቱ ሳይን ኢት” ደግሞ አስፈርመው ነው። “ሜክ ሂም ሳይን” ቢልህ ግዴታ አለበት። “ሃቭ ሂም ሳይን” ቢልህ የሰውዬው ሥራ ስለሆነ ንገረውና ይፈርም ነው። “ጌት ሂም ቱ ሳይን” ሲልህ ግን ሰውዬው ሊያንገራግር ይችላል፤ ለምነህም ቢሆን፣ አግባብተህም ቢሆን አስፈርመው። “ቱ” የምትገባውም ከሦስቱ በዚህኛው ብቻ ነው። እኔ ልፋቱ “ቱ” ውስጥ ነው ያለው ብዬ ነው የማስታውሳት።

አንድ ወጥመድ ብቻ ልጨምር። “አይ ጎት ማይ ባግ ስቶለን።” ቅርጹ ከስልኩ ጋር አንድ ነው። በዚያ ሕግ ብትሄድ “ቦርሳዬን አሰረቅኩ” ይሆናል። ግን ማን ነው የራሱን ቦርሳ የሚያሰርቅ? “ቦርሳዬ ተሰረቀብኝ” ነው። “ብኝ” የምትለዋ የኛ ቅጥያ ገብታ ነገሩን ታስተካክለዋለች። እዚህ ላይ የእንግሊዝኛው ሰዋስው አይረዳህም፤ የሚረዳህ ማስተዋል ነው።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሴ፦ ትርጉም አታጥና። ተከታይ አጥና።

ነገረኛ

ይሄ ሁሉ ቃል ስላጠራቸው ነው። ቋንቋቸው ደሃ ስለሆነ አንዷን ቃል ለሁሉም ያሯሩጧታል። አማርኛ እንዲህ አይዝረከረክም።

ሰዋስው_ወዳድ

ነገረኛ፣ ስምህን መርጠኸዋል።

“ያዘ”ን ምን ልታደርገው ነው? ሌባ ያዘ። ሥራ ያዘ። ቀጠሮ ያዘ። ቂም ያዘ። መንገድ ያዘ። ጉንፋን ያዘው። ስድስቱንም በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አውጣልኝና ደሃው ማን እንደሆነ እንነጋገር።

“አለ”ስ? አንድ የውጭ ሰው “አለ” ማለት መናገር ነው ተብሎ ደብተሩ ላይ ቢጽፍ ምን እንደሚገጥመው አስብ። ዝም አለ። ምን ብሎ? ዝም ያለ ሰው እኮ ምንም አላለም። ቁጭ አለ። ብቅ አለ። ከፍ አለ። ደስ አለኝ። ማን ነው ያለኝ? እዚህ ሁሉ ላይ “አለ” ባዶውን ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ሥራውን የሚሠራው ከፊቱ ያለው ቃል ነው። “ጌት አፕ” ማለት “ብድግ አለ” አይደል? እዚያ “አፕ” ነው የሚሠራው፣ እዚህ “ብድግ” ነው። እነሱ ጓዙን ከኋላ ይጭናሉ፣ እኛ ከፊት። ሁለት_መስመር ተከታይ አጥና ያለው በአማርኛ ቢሆን “ቀዳሚ አጥና” ይሆን ነበር።

ጠያቂውም ልብ ካላልክ ልንገርህ፤ “ግራ ገባኝ” ብለህ ነው የተመዘገብከው። ቤት ገባ፣ ሥራ ገባ፣ ቃል ገባ፣ ክረምት ገባ፣ ጣልቃ ገባ። ትምህርቱም ገባኝ፣ ግራም ገባኝ። መረዳትና አለመረዳት በአንድ ግስ!

ሌላ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። አቅጣጫው። እንግሊዝኛ “አይ ጎት ኤ ኮልድ” ይላል። ሰውዬው ነው ጉንፋኑን ያገኘው። እኛ ጋ ግን ጉንፋኑ ነው መጥቶ የሚይዘን። “አይ ጎት ሃንግሪ” ሲሉ እኛ ራበኝ እንላለን። “አይ ጎት ስኬርድ” ሲሉ ፍርሃት ያዘኝ። “አይ ጎት ስሊፒ” ሲሉ እንቅልፌ መጣ። “አይ ጌት ኢት” ሲሉ ገባኝ። በእንግሊዝኛው ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ሁሉን ይሰበስባል፤ በሽታውንም፣ ርሃቡንም፣ ዕውቀቱንም። በአማርኛው ሰውዬው ቁጭ ብሏል። ነገሮቹ ናቸው የሚመጡበት፣ የሚይዙት፣ የሚገቡት።

ተማሪዎቼ “ዘ ኮልድ ኮት ሚ” ብለው ሲጽፉ አልስቅባቸውም። ቃሉን አይደለም የሳቱት፤ ዓረፍተ ነገሩን ከማን ወገን እንደሚጀምሩት ነው። መጀመሪያ ራሳችሁን ባለቤት አድርጉ፣ ከዚያ ጌት ራሷ ትመጣለች እላቸዋለሁ።

ኮድ_ጸሐፊ

አጭር ነገር ልጨምር። ይህን ገጽ ስትከፍቱ ብራውዘራችሁ ለሰርቨሩ የላከው ትእዛዝ ጌት ይባላል። ኤችቲቲፒ (ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ) እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምር የነበረው ትእዛዝ እሱ ብቻ ነበር። እኛ ጋ ጌት አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያላት። “አምጣልኝ።” ማምጣት እንጂ ምንም ነገር መቀየር የለባትም፣ ሕጉ ይሄ ነው።

ሕጉን አንዴ ጥሼዋለሁ። የ“ሰርዝ” ሊንክ በጌት ሠራሁ። የፍለጋ ሮቦት መጥቶ ሊንኮቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ዝርዝሩን ሙልጭ አድርጎ ሰረዘልኝ። ሮቦቱ ምን ያድርግ፣ ጌት ስለተባለ ነው የነካው።

በአፕል የመተግበሪያ መደብር ላይ “ፍሪ” ይል የነበረው ቁልፍም እ.ኤ.አ. በ2014 “ጌት” ሆኗል። ማውረድ ለሚለው ሌላ ትርጉም ቁጠሩላት።

ግራ_ገባኝ

እናንተ ሰዎች! ከሥራ ወጥቼ ሳየው ማመን አቃተኝ።

በመጀመሪያ እህታችሁ ነኝ፣ ወንድማችሁ አይደለሁም። ሁላችሁም ወንድሜ ወንድሜ ስትሉ ዝም ብዬ አነበብኩ።

“አስ” እና “ተ” ያልከው ሁለት_መስመር፣ እሱ ገባኝ። (ገባኝ! ሰዋስው_ወዳድ አሁን አፌን እየሰማሁ ነው የምናገረው።) ግን የዳይሬክተሩን ነገር አልነገራችሁኝም። “አይ ጎት ቱ” ማለት “አለብኝ” አይደለም እንዴ? በየፊልሙ “ጎት ቱ ጎ”፣ “ጋታ ጎ” ሲሉ የሚሄዱት ግድ ሆኖባቸው ነው። ታዲያ ልጅቷ “አይዞሽ” ስላት ለምን ግራ ገባት?

ሁለት_መስመር

ይቅርታ እህቴ። የችኩሉን ነው የተከተልኩት።

የዳይሬክተሩን የዘለልኩት አውቄ ነው፤ ከሁሉም ቀጭኗ ክር ስለሆነች። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ በአፍ ላይ ግን ተጣብቀዋል።

አንደኛው “አይቭ ጎት ቱ” ነው። መሐል ላይ “ቭ” አለች። ግዴታው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፈጥነው ሲናገሩ “ቭ”ን ይውጧታል፣ “አይ ጎት ቱ” ይሆናል፣ የበለጠ ሲፈጥኑ “ጋታ”። ሁለተኛው “ጌት ቱ” የሚባለው ነው። ዕድሉን ማግኘት፣ መታደል። ያለፈ ጊዜ ሲሆን “ጎት ቱ” ይሆናል። ልጅቷ ያለችሽ “ከዳይሬክተሩ ጋር ለመገናኘት በቃን” ነው። አንቺ “አይዞሽ” አልሻት።

መለያው ጊዜው ነው። ወሬው የትናንት ከሆነና ተራኪው “ጎት ቱ” ካለ፣ ዕድል ነው። ምክንያቱም የትናንት ግዴታ በእንግሊዝኛ “ሃድ ቱ” ነው እንጂ “ጎት ቱ” አይባልም። ወሬው የአሁን ወይም የነገ ከሆነ፣ ግዴታ ነው። እኔን አንድም ቀን አላሳተኝም።

የሕፃናት ጠብ ስትተረጉሚ ይህቺኛዋን በደንብ ታውቂያታለሽ። “ዋይ ዳዝ ሺ ጌት ቱ ስቴይ አፕ?” ይላል ትንሹ ወንድም እንባውን እየጠረገ። “እሷ ለምንድነው እንድታመሽ የተፈቀደላት?” ነው። “ለምን ታመሻለች” ብለሽ ከጻፍሽ ቅናቱ ጠፋ። ቅናቱ ያለው ጌት ውስጥ ነው።

ሦስተኛ “ጌት ቱ” ደግሞ አለልሽ። “ኢት ጌትስ ቱ ሚ።” ከኋላ ግስ የለም፣ ሰው ነው ያለው። ውስጤን ይነካኛል፣ ያበሳጨኛል ነው። ዛሬ ግን ይብቃሽ።

“ጌት ኦቨር”፣ “ጌት ባይ”፣ “ጌት አሎንግ”፣ “ጌት አዌይ ዊዝ” የመሳሰሉትን አልዋሽሽም፤ እንደ አዲስ ቃል ይጠናሉ። ከጉንፋንም ከፍቅርም “ጌት ኦቨር” ይባላል። አንዱን ዳነ፣ ሌላውን ወጣለት ብለሽ ነው የምትተረጉሚው።

“ጌት አውት ኦቭ ሂር” ላይ ግን እንኳን አንቺ ማንም ይሳሳታል። የሚገርመው እኛም እንዲሁ እንላለን እኮ። ጓደኛሽ የማይታመን ነገር ሲነግርሽ “ኧረ ሂድ እዛ!” አትይውም? ተነስቶ ይሄዳል?

የድሮ_ተማሪ

ልጄ፣ አትናደጂ። ካንቺ በፊት የተናደደ ሰው አለ፤ ያውም ትልቅ ሰው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም መቅድሙ ላይ እነዚህን ግሶች በስም እየጠራ አማሯል። ጌት፣ ጊቭ፣ ፑት፣ ሴት፣ ራን፣ ቴክ። ትርጉማቸው ልል ነው፣ አጠቃቀማቸው አይጨበጥም፣ ከመጀመሪያ ሐሳባቸው በጣም ርቀዋል፣ ሥራዬን አብዝተውብኛል ይላል። እሱ የሚለው ይሄን ከሆነ አንቺ የጉዞ ወጪ ብትጠይቂ ምን ይገርማል።

ቃሏ ደግሞ ለእንግሊዝኛ ባዕድ ናት። ከ9ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሰሜንና ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ የሰፈሩት፣ ከስካንዲኔቪያ የመጡት ቫይኪንጎች ናቸው ያመጧት። በነሱ ቋንቋ ምን ትባል እንደነበር ታውቂያለሽ? “ጌታ”። ከኛ ጌታ ጋር ዝምድና የላትም፣ የድምፅ አጋጣሚ ነው። እኔ ግን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ። ጌታ ሆና ገብታ ቤቱን ገዛችው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ያለችው እ.ኤ.አ. 1200 አካባቢ ነው። “ቴክ”ም፣ “ዘይ” (እነሱ) የሚለው ተውላጠ ስምም፣ “ስካይ”ም፣ “ዊንዶው”ም ከዚያው ከሰሜኖቹ የመጡ ናቸው።

እንግሊዝኛ ራሱ የነበረው የዚችው ቃል ዘመድ ብቻውን አይቆምም ነበር፤ ከሌላ ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው። አንዱን በየቀኑ ትጠቀሚበታለሽ። “ፎርጌት።” ውስጡ ጌት አለችልሽ። ፊት ያለችው “ፎር” ማጣትን፣ መራቅን ታመጣለች። የያዙትን ከእጅ መልቀቅ ነው ነገሩ። እኛስ “ስሙ ጠፋብኝ” አይደል የምንለው?

ሌላም አለ። “ኮምፕሪሄንድ” የሚለው የተማረ ቃል ከላቲን ነው የመጣው፤ ሥሩ መያዝ፣ መጨበጥ ነው። የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች ይህን ሥርና የቫይኪንጎቹን “ጌታ” ወደ አንድ ጥንታዊ ሥር ይመልሷቸዋል። ስለዚህ በስብሰባ ላይ “አይ ኮምፕሪሄንድ” የሚለውና በመንገድ ላይ “አይ ጌት ኢት” የሚለው የሩቅ ዘመዶች ናቸው። አንደኛው ከረባት አስሯል እንጂ።

ችኩሉ

ታዲያ በትርጉም ብዛት አንደኛዋ ጌት ናት?

የድሮ_ተማሪ

አይደለችም። በኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለተኛ እትም ላይ ረጅሙ ቦታ የተያዘው በ“ሴት” ነበር። (የኛ ሴት አይደለችም፤ ማስቀመጥ የምትለዋ።) ግሷ ብቻ 430 ያህል ትርጉም ተቆጥሮላታል። በኋላ ሲያሻሽሉት “ራን” 645 ሆኖ አለፋት። መሮጥ እንደሆነ ታውቃለህ። ሰዓትም ሞተርም፣ አፍንጫም ቀለምም፣ ድርጅትም ምርጫም “ራን” ያደርጋሉ።

ወዲያ_ማዶ

“ጎተን” የሚሉት አሜሪካኖች ስህተት ናቸው ብሎ አስተማሪዬ ነጥብ ቀንሶብኛል። እውነት ነው?

ሰዋስው_ወዳድ

ስህተት አይደለም። የቆየ ቅርጽ ነው። እንግሊዞቹ በአብዛኛው ተዉት፣ አሜሪካኖቹ ይዘውት ቀሩ። እንግሊዞቹም ቢሆኑ “ፎርጎተን” ላይ አልተዉትም። ጥቅምም አለው። አሜሪካዊ “አይቭ ጎት ኤ ካር” ቢልህ መኪና አለኝ ነው። “አይቭ ጎተን ኤ ካር” ቢልህ መኪና አገኘሁ ነው። ነጥብህን ማስመለስ ባትችልም እወቀው።

ግራ_ገባኝ

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። (ጌት ባክ አድርጌያለሁ። ወጪዬን በራሴ።)

ዛሬ ጠዋት ለአለቃዬ ሥራውን እስከ ዓርብ አስጨርሳለሁ ብዬ ጻፍኩለት። “አይል ጌት ኢት ደን” ብዬ፣ ዕቃውን መሐል አስገብቼ፣ እንደተባልኩት። የመለሰልኝ አንድ ቃል ነው። “ጎቻ።” በፊት ቢሆን “ያዝኩሽ” አለኝ ብዬ ምን አጠፋሁ እያልኩ እውል ነበር። አሁን ግን ቀጥሎ የመጣውን አየሁ። “ታንክስ” ይላል። ይዞኝ ቢሆን አያመሰግነኝም። ገብቶታል ማለት ነው።

ያንን ስልክ የዘጋሁበትን ባልደረባዬንም ደወልኩለት። ለምን እንደዘጋሁበት ነገርኩት። እሱ ለካ ኢንተርኔቴ ተቋርጦ መስሎት ነበር። ሳቁን ሲጨርስ ምን አለኝ? “ጌት አውት ኦቭ ሂር!”

ቁጭ አልኩ። ምንም ሳልነካ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ልሰናበተው ስል “ዩ ጎት ዚስ” አለኝ። ምን ይዣለሁ? እጄ ላይ ምንም የለም።

ሁለት_መስመር

“አይዞሽ፣ ትችይዋለሽ” ነው። “ይሄ አለሽ” ብሎ የተረጎመ አንድ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል።

ችኩሉ

እሺ እኔም ልጠይቅ። ዛሬ አለቃዬ “ቴክ ፋይቭ” ብሎኝ ሄደ። አምስት ምን ልውሰድ? ጠረጴዛው ላይ ያለው እስክሪብቶ ሦስት ብቻ ነው።